ሳቢሳና ዋልያ በአንድ ሲዲ

«አባዬ፣ አንድና ሁለትስ የት ሄዱ?»

ጥያቄውን ያስነሳው ጎንደር ከተማ ውስጥ የተራገፈ አሮጌ ካርቶን ነው። ከቆዩ የፈተና ወረቀቶችና ከተበላሹ ቻርጀሮች መካከል አንድ ሲዲ ወደቀ፤ ፊቱ ላይ በማርከር «ዛሪማ 3» ተብሎ ተጽፎበታል። ልጅቷ ሲዲን የምታውቀው ወፍ ለማባረር በማሳ ላይ ተንጠልጥሎ ነው። የገረማት ቁጥሩ ነበር። አባቷ ሳቅ አለና «አንደኛው አልነሳ አለ፤ ሁለተኛው ተነሳ፣ ግን ዲዳ ሆነ» አላት። ቀሪውን ያወጋው ቡናው ሁለተኛ ላይ ሲደርስ ነው።

ያኔ ወጣት መምህር ነበር። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተምሮ ሲወጣ የደረሰው ዛሪማ ነው። ዛሪማ ከጎንደር ወደ ሽሬ በሚዘልቀው መንገድ ላይ፣ በደባርቅና በአዲ አርቃይ መካከል ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ደባርቅ ላይ ጋቢ ደርቦ የተሳፈረ መንገደኛ ሊማሊሞን ወርዶ እዚያ ሲደርስ ጋቢውን አጣጥፎ ውሃ ይጠይቃል። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ወደ ጎንደር ሲገባ የወጣው ይህንኑ ተራራ ነው፤ በመጽሐፉ «ላማልሞን» ይለዋል። በበቅሎ የተወጣውን ገደል ጣሊያን በወረራው ዘመን ጠርቦ መኪና አስኬደበት። በ2001 ዓ.ም. መንገዱ ገና ጠጠር ነበር፤ አውቶቡሱ እያንዳንዱን ጥምዝ በእርጋታ ይወርዳል፣ ተሳፋሪው በመስኮት ገደሉን እያየ ጸሎቱን ያደርሳል። ይህን መንገድ ማንሳት ያስፈለገው ለጌጥ አይደለም። የኮምፒውተር ፕሮግራሞቹ ጎንደርና ዛሪማ የተመላለሱት በዚሁ አውቶቡስ፣ በረዳቱ ኪስ ውስጥ ነው።

መምህሩ የተረከበው ስምንት አሮጌ ኮምፒውተሮችን ነበር። ሁሉም ዊንዶውስ ተጭኖባቸዋል፣ ሁሉም ታመዋል። በዚያ ዘመን ኮምፒውተር የነካ ሰው ሁሉ «ኒው ፎልደር» የሚባለውን ቫይረስ ያስታውሰዋል። ፍላሽ የሰካ ሁሉ ይዞት ይሄዳል፤ ፎልደር መስሎ ይቀመጥና ሲከፍቱት ይዛመታል። አንቲቫይረስ ማደሻ ኢንተርኔት የለም። መምህሩ ቅዳሜ ያጸዳውን ሰኞ ተማሪዎቹ በፍላሻቸው መልሰው ያመጡታል።

መፍትሔ ሆኖ የታየው ከሲዲ የሚነሳ ሊኑክስ ነበር። ላይቭ ሲዲ ይሉታል። ሐሳቡን ሰፊው ሕዝብ ዘንድ ያደረሰው ጀርመናዊው ክላውስ ክኖፐር በ2000 እ.ኤ.አ. ባወጣው ክኖፒክስ ነው። ሃርድ ዲስኩን ሳይነካ ኮምፒውተሩ በቀጥታ ከሲዲው ይነሳል፤ ሲዲው ላይ መጻፍ ስለማይቻል ቫይረስ አይገባበትም፤ ሲጠፋና እንደገና ሲነሳ እንደ አዲስ ነው። ሁለት ጊጋባይት ገደማ የሆነውን ሥርዓት 700 ሜጋባይት ሲዲ ላይ ለማስገባት ስኳሽኤፍኤስ በሚባል ዘዴ ይጨመቃል። ነገሩ ከድርቆሽ ጋር ይመሳሰላል። እንጀራው ደርቆ፣ ተሰባብሮ ከረጢት ውስጥ ይገባል፤ መንገደኛው ሲርበው የሚበቃውን ያህል ብቻ አውጥቶ ያርሳል። ላይቭ ሲዲም የተጠየቀውን ፋይል ብቻ እያወጣ ይፈታል፤ ሌላው ደርቆ ይቆያል።

ሲዲውን ለማግኘት አልተቸገረም። ኡቡንቱን የሚያሠራጨው ካኖኒካል «ሺፕኢት» በሚባል አገልግሎቱ ለጠየቀ ሁሉ የትም አገር በነፃ በፖስታ ይልክ ነበር፤ ይህ ደግነት እስከ 2003 ዓ.ም. ዘልቋል። መምህሩ ጎንደር ፒያሳ፣ ጣሊያን ከሠራቸው ሕንፃዎች አንዱ በሆነው ፖስታ ቤት ጥቅሉን ተረከበ። ውስጡ ኡቡንቱ 8.04 ነበር። ይህ እትም የወጣው ሚያዝያ 16 ቀን 2000 ዓ.ም. ነው፤ ቀኑ በእኛ ጸሎተ ሐሙስ ነበር። ኡቡንቶች ለየእትሙ የእንስሳ ስም ያወጣሉ፤ ይህኛው «ሃርዲ ሄሮን» ነበር፣ ብርቱው ሳቢሳ እንደማለት።

ሳቢሳው ግን እንዳለ ለዛሪማ አይሆንም ነበር። አማርኛ መጻፊያ የለውም፤ መምህሩ ደግሞ ተማሪዎቹ በፊደላቸው እንዲጽፉ ነው የፈለገው። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ዓመታት ቢያልፉም ጽሕፈት ቤቶች ገና «ፓወር ግዕዝ» በሚባለው የአማርኛ መጻፊያ ላይ ነበሩ። ሊኑክስ ላይ ግን ዕቃው ሁሉ ነበረ። «ስኪም» የሚባለው መጻፊያ፣ «ኤም17ኤን» የሚባለው የቋንቋዎች ማኅደር፣ አቢሲኒካ የሚባለው የፊደል ቅርጽ፣ በላዩም የሕፃናት ማስተማሪያው ጂኮምፕሪ። እነዚህን ጨምሮ፣ የማያስፈልገውን ቀንሶ፣ መልሶ 700 ሜጋባይት ውስጥ ማስገባት ነው የቀረው።

በሊኑክስ ዓለም ፕሮግራም የሚመጣው በፓኬጅ ነው፤ እያንዳንዱም ፓኬጅ መታወቂያው ላይ የሚፈልጋቸውን ጓደኞች ይዘረዝራል። «እኔ እንድሠራ እገሌ፣ ቁጥሩ ከዚህ ያላነሰ፣ ሊኖር ይገባል» ይላል። አንዳንዱም «እገሌ ባለበት ቤት አልገባም» ይላል። ይህን ሁሉ የሚያስታርቀው አፕት የሚባለው ሽማግሌ ነው። አፕት ሥራውን አሳምሮ ያውቃል፤ ነገር ግን ከልደቱ ጀምሮ አንድ ግምት አለው፦ ባለቤቱ የጎደለውን ሁሉ ማምጣት የሚችል መስመር አለው ብሎ ያስባል። ዛሪማ ላይ ይህ ግምት አይሠራም። በዚያ ዘመን በስልክ መስመር በ56 ኪሎቢት ፍጥነት አንድ ሲዲ ሙሉ ማውረድ፣ መስመሩ አንዴም ሳይቋረጥ፣ ከ28 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ሳይቋረጥ ማለት ደግሞ ያኔ ተረት ነበር።

ስለዚህ ጎንደር ኢንተርኔት ቤት የሚሠራ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛውን አስቸገረ። የፓኬጆቹን ስም ወረቀት ላይ ጽፎ፣ ወረቀቱን ከፍላሽ ጋር ለአውቶቡስ ረዳት ሰጠ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ፍላሹ ሞልቶ ተመለሰ።

የሲዲውን ጥቅል ሃርድ ዲስክ ላይ ፈታ፤ «ቹሩት» በሚባለው ትእዛዝ ገባበት። ቹሩት ማለት በአጭሩ የተፈታውን ሥርዓት እንደ ራሱ ቤት ቆጥሮ ውስጡ ሆኖ መሥራት ነው። ከጎንደር የመጡትን ፓኬጆች ሊጭን ሲል ያ የታወቀ ቁጣ መጣ፤ ያልተሟላ ጥገኝነት አለ። ዝርዝሩን ሲያነብ አንድ መስመር ተደጋገመበት፦ ሊብሲ6 ቢያንስ 2.8 ይፈለጋል፣ ያለው ግን 2.7 ነው።

ሊብሲ ማለት የሥርዓቱ እርሾ ነው። ከሱ ያልተቦካ ፕሮግራም የለም ማለት ይቻላል። የሳቢሳው እርሾ 2.7 ነበር። ታዲያ 2.8 የሚጠይቅ ሊጥ ከየት መጣ?

መልሱን ያገኘው ስልክ ደውሎ ነው።

«ከየትኛው እትም ነው ያወረድከው?»

«ከአዲሱ ነዋ! ኢንትረፒድ አይቤክስ ይላል። አንተዬ፣ ዋልያ እኮ ነው! የአገርህ አውሬ!»

እውነቱን ነው። ኡቡንቱ 8.10 ጥቅምት 20 ቀን 2001 ዓ.ም. የወጣው በአይቤክስ፣ ማለትም በዋልያ ወገን በሆነው የተራራ ፍየል ስም ነበር። ዋልያው ራሱ በዓለም ላይ ከሰሜን ተራሮች በቀር የትም የለም፤ የተራሮቹ ፓርክ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ የዋልያው ስም አብሮ ተነሥቷል። ጓደኛው ወረቀቱ ላይ የፓኬጅ ስም እንጂ የእትም ስም ስላላገኘ፣ በአገር ፍቅር ተነሳስቶ ዋልያውን መረጠ። ጥፋቱ ግን የማን ነው? የጻፈው ሰው ነው። የፓኬጅ ስም ያለ እትሙ ግማሽ አድራሻ ነው።

መምህሩ ይህን ተረድቶ ቢቆም መልካም ነበር። አልቆመም። ሌላ ሁለት ሳምንት መጠበቅ ከበደውና ከዋልያው እርሾውንም ጨምሮ በግድ ጫነው። ግማሹ ገባ፣ ግማሹ ደጃፍ ላይ ቀረ። «ያለውን አስተካክል» ብሎ አፕትን ሲያዝዘው፣ ሽማግሌው ለማስታረቅ ያገኘው መንገድ ብዙ ፓኬጆችን ማባረር ሆነ። ዝርዝሩ ስክሪኑን ሞልቶ አለፈ። በመጨረሻም አፕት ለዋና ዋናዎቹ ፓኬጆች ብቻ የሚያወጣው ማስጠንቀቂያ መጣ፤ ለመቀጠል «አዎ፣ እንዳልኩህ አድርግ!» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ቃል በቃል እንዲጽፍ ጠየቀው። «ዋይ» የምትል አንዲት ፊደል ብቻ እንዳትበቃ ሆን ተብሎ የተሠራ አጥር ነው። መምህሩ አጥሩን ዘለለ። ጻፈው።

የሚያስቀው ቀጥሎ የሆነው ነው። ጥቅሉን መልሶ ሲጨምቅ መጠኑ ከ700 ሜጋባይት እጅግ ወርዶ አገኘው። «ቦታ ተረፈ!» ብሎ ተደሰተ። ያ ትርፍ ቦታ የሥርዓቱ ጉበትና ሳንባ እንደነበር የገባው ሲዲውን አቃጥሎ ኮምፒውተር ውስጥ ሲከተው ነው። ጥቁር ስክሪን፣ ነጭ ጽሑፍ፣ ከዚያ ዝም። ዛሪማ 1 ይኸው ነበር።

ለመጽናኛ ይሁን፤ በዚያች ዓረፍተ ነገር የወደቀ እሱ ብቻ አይደለም። ከዓመታት በኋላ፣ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በዩቲዩብ እጅግ የታወቀው ካናዳዊ ላይነስ ሴባስቲያን በፖፕ ኦኤስ ላይ ስቲም የሚባለውን የጌም ፕሮግራም ሊጭን ሲል ይኸው የፓኬጅ ግጭት ገጠመው። ማስጠንቀቂያውን አልፎ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ጻፈ፤ መላው ዴስክቶፑ ካሜራ ፊት ጠፋ። አፕትን የሚሠሩት ሰዎች ከዚያ በኋላ አጥሩን ከፍ አደረጉት። መምህሩ ቪዲዮውን ጎንደር ሆኖ ሲያይ ከሳቁ ይልቅ መቆጨቱ በዛ፤ እሱ የወደቀው ያለ ተመልካች ነው።

ሁለተኛው ሙከራ ብልህ ነበር፣ ግን ጅራቱ ተረሳ። በዚህ ጊዜ ጓደኛው የሳቢሳውን ፓኬጆች ብቻ አወረደ፤ ከነሱም ጋር ሰኔ 2000 መጨረሻ የወጣውን የ8.04.1 ማሻሻያ ላከ። ግጭት የለም፤ አፕት አንድም ሳያጉረመርም ሁሉን ጫነ። ከማሻሻያው መካከል አዲስ ከርነል፣ ማለትም የሥርዓቱ እምብርት፣ ነበረበት። የሲዲው ከርነል 2.6.24-16 ሲሆን አዲሱ 2.6.24-19 ነው። ቦታ ለመቆጠብ አሮጌውን ሰረዘ።

ስንፍና ሳይሆን አለማወቅ ነበር። ላይቭ ሲዲ ሁለት ቤት አለው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ መጀመሪያ የሚያነበው ከርነል ከተጨመቀው ጥቅል ውጭ፣ «ካስፐር» የሚባል ፎልደር ውስጥ ነው የሚቀመጠው። መምህሩ የውስጡን አድሶ የውጭውን እንዳለ ተወው። ሲዲው ሲነሳ የድሮው ከርነል ተነሳ፤ ድምፁንና ኔትወርኩን የሚያንቀሳቅሱትን ሞጁሎች ከውስጥ ሲፈልግ የሚያገኘው የሌላ ቁጥር ሆነ። ዴስክቶፑ አምሮ መጣ፤ ተማሪዎቹ አጨበጨቡ፤ ጂኮምፕሪ ተከፈተ። ድምፅ የለም። ፊደል ጠርቶ «የቱ ነው?» የሚለው ጨዋታ አፉን ዘግቶ ልጆቹን ይመለከታቸዋል። አንዱ ተማሪ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ምን ብሎ ነው የጠየቀን?» አለ።

ይህኛው ከመጀመሪያው ይልቅ የሚያናድድ ነው፤ ምክንያቱም አፕት ስለዚህ ግጭት ምንም ሊያውቅ አይችልም። እሱ የሚያስታርቀው ቹሩት ውስጥ ያሉትን ነው፤ ከግቢው ውጭ የቆመውን አያይም።

ፓኬጅ ማስታረቅ ራሱ ቀላል ሒሳብ አለመሆኑን የሒሳብ ሰዎችም መስክረዋል። በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ ይካሄድ በነበረው ኢዶስ በተባለ ጥናት ሮቤርቶ ዲ ኮስሞና ባልደረቦቹ በ2006 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ «ይህ ፓኬጅ ከነጓደኞቹ ያለ ግጭት ሊጫን ይችላል ወይ?» የሚለው ጥያቄ በጠቅላላው ሲታይ በኮምፒውተር የሚፈታ አቋራጭ ካልተገኘላቸው ከባድ ጥያቄዎች ወገን ነው። መምህሩ ሲዲውን ሲያቃጥል፣ በየካቲት 2001 የወጣው ደቢያን 5.0 ከ23 ሺህ በላይ ፓኬጆች ነበሩት። አፕት በሰኮንዶች መልስ መስጠቱ ሊደነቅ ይገባዋል። የሚሰጠው መልስ ደስ ባያሰኝም።

ሦስተኛው ሥራ ከመሥራት ይልቅ በማንበብ ያለቀ ነው። መምህሩ የተበላሸውን ለመጠገን አልሞከረም፤ የሳቢሳውን ንጹሕ ሲዲ እንደገና ፈታ። አፕት ፓኬጅ የሚፈልግባቸውን ምንጮች ዝርዝር ከፍቶ ሁሉንም ሰረዘና ሁለት ብቻ አስቀረ፦ ሲዲውንና አንድ ፎልደር። ያን ፎልደር በትንሽ መሣሪያ ቆጥሮ ማውጫ አበጀለት፤ አፕት እንደ እውነተኛ የኢንተርኔት ምንጭ እንዲያየው። ከዚያ ማንኛውንም ትእዛዝ ከመስጠቱ በፊት በልምምድ መልክ ያስሞክረው ጀመር። አፕት ምንም ሳይነካ ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ብቻ እንዲናገር የሚያደርግ አማራጭ አለ። «የሚወገዱ» ከሚለው ሥር አንድ ስም እንኳ ከመጣ እጁን ከኪቦርዱ ያነሣል፤ ስህተቱንም ከመጨረሻው መስመር ወደ ላይ ያነባል።

ወረቀቱም ቀረ። አፕት የሚፈልጋቸውን ፓኬጆች ሙሉ አድራሻ፣ ከነእትም ቁጥራቸው፣ በጽሑፍ ፋይል እንዲያወጣ ማድረግ እንደሚቻል ደርሶበት ነበር። ከዚያ ወዲህ ረዳቱ ይዞ የሚወጣው ፍላሽ ላይ ያለው ያ ፋይል ነው፤ ጓደኛው ጎንደር ላይ ለማውረጃው ፕሮግራም ይሰጠዋል፣ የሚመርጠው ነገር የለም። «ዋልያውን ተከለከልኩ» እያለ ይቀልድ ነበር። አልፎ አልፎ ፋይሉ ሊማሊሞን ወጥቶ እስኪደርስ የማሻሻያው ቁጥር ይቀየርና አድራሻው ባዶ ይሆናል። ያኔ ፍላሹ ባዶውን ይመለሳል።

ከርነሉን አስሮ አስቀመጠው፤ እንዳይታደስ የሚል ምልክት ይደረግበታል። አንድ የቀረ ጠብ ነበር፤ እሱም የራሱ የእጅ ሥራ ነው። የአቢሲኒካ ፊደልን ቀደም ብሎ በራሱ ፓኬጅ አዘጋጅቶ ነበርና ዋናው ፓኬጅ ሲመጣ ሁለቱ አንዲትን ፋይል «የኔ ናት» ተባባሉ። በግድ ጫን የሚል ትእዛዝ አለ። አልተጠቀመበትም፤ የራሱን ፓኬጅ ጣለው።

የጎደለው መብራት ብቻ ነበር። በ2001 ዓ.ም. አገሩ ሁሉ በፈረቃ ያበራ ነበር፤ በዚያ አሮጌ ኮምፒውተር ጥቅሉን መጨመቅ ደግሞ ረጅም ሰዓት ይወስዳል። ሁለት ጊዜ በመሐል ጠፍቶበት ከመጀመሪያው ጀመረ። ሦስተኛው ጊዜ ሌሊት ላይ አለቀ። በማግስቱ ስምንቱም ኮምፒውተሮች ተነሱ፤ ድምፅም ነበራቸው። ያ የጠየቀው ተማሪ ፊት ተቀመጠ። በእንግሊዝኛ ፊደል ዘድ፣ ኤ፣ አር፣ አይ፣ ኤም፣ ኤ ብሎ መታ፤ ስክሪኑ ላይ «ዛሪማ» የሚል መጣ። ተማሪው አጥፍቶ ደግሞ ጻፈው፣ ደግሞ አጠፋው።

ዛሬ ይህን ሥራ የሚሠራ ወጣት ሌላ ዓለም ላይ ነው ያለው። ስኪም ቦታውን ለአይባስ ለቋል። በደቢያን በኩል የብዙዎቹ የፊደል ቅርጽ ፓኬጆች መጠሪያ ስም ተቀይሯል፤ የድሮውን ስም የያዘ ዝርዝር አዲስ እትም ላይ ብትሰጥ አፕት አያውቀውም። ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደቢያን በየቀኑ የነበረውን የፓኬጅ ክምችት በቀኑ የሚያስቀምጥ ማኅደር ስላለው፣ የሲዲ ጥቅል የሚሠራ ሰው አንድ ቀን መርጦ በዚያ ቀን ላይ መቆም ይችላል። መምህሩ ይህን ሲሰማ ያለው «አሁን?» ብቻ ነው።

ስምንቱ ኮምፒውተሮች አርጅተው ከተጣሉ ቆይተዋል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ በአዲ አርቃይና በዛሪማ በኩል አልፎ ወደ ሊማሊሞ ሲወጣ ከአካባቢው ብዙ ሰው ተሰዷል፤ መምህሩ ያኔ ጎንደር ነበር፣ የተማሪዎቹን ስልክ እየደወለ። ስለዚያ ዘመን ብዙ አያወራም። ካርቶኑ ውስጥ የቀረችው አንዲት ሲዲ ናት፣ እሷንም የሚያነብ ኮምፒውተር ቤት ውስጥ የለም።

ዋልያው የመጣው ከሳቢሳው በኋላ ቢሆንም በመሞት ግን ቀደመው፤ የተሰጠው ዕድሜ 18 ወር ብቻ ስለነበር በሚያዝያ 2002 ዓ.ም. ድጋፉ ቆመ፣ የሳቢሳው ዴስክቶፕ ግን እስከ ግንቦት 2003 ቆይቷል። የሁለቱም ፓኬጆች ኡቡንቱ ጡረታ የወጡ እትሞችን በሚያኖርበት ማኅደር ውስጥ ዛሬም አሉ፤ ዝርዝራቸው በየራሱ ፎልደር፣ ለየብቻ ተቀምጧል።